በር ላይ የሚረካከቡ ባልና ሚስት

ባልና ሚስቱ ቤታቸውን የሚረካከቡት በር ላይ ነበር። አንዱ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሲገባ ሌላው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይወጣል። መሐል ላይ፣ አንድ እግራቸው ውስጥ አንድ እግራቸው ውጭ ሆኖ፣ የቤቱን ነገር ሁሉ በጥድፊያ ይነጋገራሉ።

«ልጅቷ ሳል ጀምሯታል፣ ሽሮፑን ጠዋትና ማታ ስጣት። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ሠራተኛው ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል፣ ካልመጣ ደውልለት። እናትህ የግፊት ኪኒናቸውን ረስተው ነበር፣ አሁን ደህና ናቸው። አስተማሪዋ ደግሞ ወላጅ ትፈልጋለች።»

«ለምን?»

«ልጅህ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ስለዘፈነች።»

«ምን ብላ ዘፈነች?»

«እሱን ራስህ ጠይቃት፤ መኪናው ጥሎኝ ሊሄድ ነው።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ጊዜ ከተገኘ ጉንጭ ይሳሳማሉ፣ ካልተገኘም ለሚቀጥለው ይተላለፋል።

ይህ አመል የመጣው ከሚስትየዋ ሥራ ነው። የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ነርስ ናት። ሆስፒታል ውስጥ የሌሊቷ ነርስ ለቀኗ ነርስ ሳታስረክብ ወደ ቤቷ አትሄድም። ሁለቱ ከአልጋ አልጋ እየዞሩ፣ እያንዳንዱ በሽተኛ ዘንድ ቆመው፣ እንዴት እንዳደረ፣ ምን እንደወሰደ፣ ምን እንደቀረው ይነጋገራሉ፤ ርክክብ ይሉታል። እንደተጋቡ ሰሞን ለቀልድ ብላ ባሏን በር ላይ አቁማ ቤቱን በዚህ መልክ አስረከበችው። እሱም ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ሰጣትና ተረከበ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቀልዱ ግን ሥር ሰደደ፤ ልጅ ስትመጣ ጭራሹን ቀልድነቱ ቀረና ሥራ ሆነ። እያደር ደግሞ፣ ልብ ያለው አልነበረም እንጂ፣ ባልና ሚስቱ ከርክክብ በቀር የሚያወሩት ነገር አጡ።

ባልየው የስንቅ መኪና ሹፌር ነው፤ ያን ግዙፉን፣ ዱቄትና ውሃና ነዳጅ ጭኖ እስከ ሩቅ ጦር ሰፈር የሚሄደውን። ጓደኞቹ «ፍሬን» ይሉታል። መንገድ ላይ ድመት ብታልፍ እንኳ ጥግ ይዞ አቁሞ የሚያሳልፍ ሰው ስለሆነ ነው። የተዋወቁት እሷ ገና የነርስነት ተማሪ ሳለች ነው፤ ተማሪዎቹን ከማደሪያ ወደ ሆስፒታል የሚያመላልሰው እሱ ነበር። ያኔ እሱ ሃምሳ አለቃ ነበር፣ እሷ ደግሞ ምንም። ከዚያ እሷ ተማረች፣ ተፈተነች፣ መኮንን ሆነች፤ ትከሻዋ ላይ አንድ ሲጨመር፣ ሌላ ሲጨመር፣ ሻምበልነት ደረሰች። እሱ ሃምሳ አለቃ እንደሆነ ቀረ። ሥራ ያለቀበት የጦር ሰፈር ሰው ሁሉ የሚያነሳው ጥያቄ ታዲያ አንድ ነው። «ፍሬን፣ ቤት ስትገባ ሰላምታ የምትሰጠው ቆመህ ነው ተቀምጠህ?» ይሉታል። እሱም ሳይቆጣ፣ «ሰላምታውን ተዉትና የሻምበሏን ልብስ ማን እንደሚተኩስ ጠይቁኝ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ልብስ ሲተኩስ አንድ መጨማደድ አያሳልፍም።

ለሁሉም ሰው እሷ «ሲስተር» ናት። ባሏም፣ ጎረቤቱም፣ አማቷም «ሲስተር» ይሏታል። አማቷ ከልጃቸው ከተቀበሉት ስጦታ ሁሉ ምራታቸውን የሚያስበልጡ፣ ግን ይህን ፊት ለፊት ከመናገር ሞትን የሚመርጡ ሴት ናቸው። ጓሮ ያለችው ክፍል የእሳቸው ናት። ልጅቷን ከትምህርት ቤት ያመጣሉ፣ ያበሏታል፣ ይቆጧታል፣ ከዚያ ደግሞ «ማን ተቆጣብኝ?» ብለው ያባብሏታል። እንደዚያም ሆኖ ባልና ሚስቱ አንድ ስምምነት ነበራቸው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከቤት አይጠፉም። እሱ መንገድ ላይ ከሆነ እሷ ከተማው ሆስፒታል ውስጥ ናት። እሷ ለሥልጠና ከሄደች እሱ ፈቃድ ወስዶ ይጠብቃል። ይህን ለማሟላት ሁለቱም አለቆቻቸው ቢሮ ደጅ ሲጠኑ ኖረዋል።

አንድ ቀን የሆስፒታሉ አዛዥ፣ ኮሎኔሉ፣ አስጠሯት።

«ሻምበል፣ ተቀመጪ» አሏት። ኮሎኔሉ ሰው ተቀመጥ ካሉ ነገሩ ከባድ ነው። «በሩቁ ግዛት በድንኳን የሚሠራ የመስክ ሆስፒታል ልንከፍት ነው። ዋና ነርስ ያስፈልገዋል። ለአንድ ዓመት። የሰጠሁት ስም ያንቺ ነው። እምቢ ማለት ትችያለሽ፣ ትእዛዝ አይደለም፤ ግን እምቢ እንዳትዪ እፈልጋለሁ።»

ሲስተር ከቢሮው ስትወጣ እግሯ መሬት አልነካም። ይህን ሥራ ስትመኘው ኖራለች። ከባዶ ተነስታ፣ አልጋውን ራሷ አሰልፋ፣ ነርሶቹን ራሷ አሠልጥና፣ «ይህ የእኔ ክፍል ነው» የምትለው ቦታ። አጋጣሚው ደግሞ የተመቸ ነበር። ባሏ መንገዱ ሊያበቃለት ነው፤ ከተማው ውስጥ ያለው የሹፌሮች ማሠልጠኛ አስተማሪ አድርጎ ሊወስደው ተነጋግሮ ጨርሷል። እሱ ቤት ሲገባ እሷ ትወጣለች። ስምምነታቸው አልተነካም። ይህን ሁሉ አስልታ፣ ደስታዋን እንደ ያዘች፣ ለባሏ ነገረችው።

የባልየው ፊት ዳመነ። 

«እኔ ይህን ሁሉ ዓመት መንገድ ለመንገድ ስንከራተት ቤት እገባለሁ እያልኩ ነው» አለ። «አሁን ልገባ ስል አንቺ ትወጫለሽ?»

«አንድ ዓመት እኮ ነው።»

«አንድ ዓመት! እዚያ ስንት ነገር እንዳለ ከአንቺ ይልቅ እኔ አውቃለሁ። ስንቁን የማደርሰው እኔ ነኝ።»

«አንተ ስትሄድ እኔ አትሂድ ብዬህ አውቃለሁ?»

«የእኔ ሌላ ነው።»

«እንዴት ሌላ ሆነ?»

እንዴት ሌላ እንደሆነ ለመናገር አፉን ከፈተ፤ ቃል አጣ። ቃል ያጣ ወንድ የሚያደርገውን አደረገ፤ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ወይ ትዳርሽን ወይ ድንኳንሽን ምረጪ» አላት። «ከሄድሽ ስትመለሺ እዚህ ቤት አታገኚኝም።» በማግሥቱ የመጨረሻ ጉዞውን ሊሄድ ሻንጣውን አነሳና ወጣ። በር ላይ አልቆመም። ቧንቧ አልተነሳ፣ ኪኒን አልተነሳ፣ የልጅቷ ትምህርት አልተነሳ። ሲስተር በተከፈተው በር ጀርባውን እያየች ቆመች። በትዳራቸው ሳይረካከቡ ሲለያዩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ከጉዞው ሲመለስ የመንገዱን ዳር ዝናብ ሸርሽሮት ነበር። ከፊቱ የመጣ አውቶቡስ ለማሳለፍ፣ እንደ ልማዱ፣ ጥግ ያዘ። ጥጉ ተናደ። መኪናው በጎኑ ጋደለ፤ ፍሬን ከነነፍሱ ወጣ፣ ጭኑ ግን ተሰበረ። ወታደር ቤት በሰው ስብራትም ይቀለዳል፤ «ፍሬን ፍሬን በጠሰ» የሚለው ወሬ ከአምቡላንሱ ቀድሞ ሆስፒታል ደረሰ። አምቡላንሱም ደረሰ። ያመጣው ደግሞ ወደ አጥንት ክፍል ነው። የአጥንት ክፍል ኃላፊ ማን ናት? ሲስተር ናት።

ቃሬዛው ሲገባ አየችው። እጇ ግን ሥራውን አልተወም፤ የእግሩን ጣቶች ነካች፣ ሙቀት አላቸው፣ ይንቀሳቀሳሉ። «ደህና ነህ» አለችው። እሱም «ደህና ነኝ» አላት። ከዚያ ደንቡ መጣ። ነርስ የራሷን ሰው አታክምም። የገዛ ሰውህ ሲሆን እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ወይም ደግሞ ጨክነህ የማያስፈልገውን ታደርጋለህ፤ ስለዚህ ለሌላ ትሰጣለህ። ይህን ደንብ ለአዳዲስ ነርሶች የምታስተምረው እሷው ራሷ ነበረች። ባሏን ገና ከትምህርት ለወጣችው፣ ነገር ለማትረሳው፣ ቀልድ ለማይገባት ለወጣቷ ነርስ ሰጠችና እሷ ከአልጋው ራቀች።

እግሩ በገመድና በክብደት ተወጥሮ ተሰቀለ። እንዲያ ሆኖ መተኛት ነበረበት፤ መዞር የለ፣ መነሳት የለ፣ የሽንት ቤቱ ጣጣ እንኳ በሰው እጅ። ሰው መጠበቅ የማያውቅ ሹፌር ጠባቂ ሆነ። ቀኑን ሙሉ የሚያየው ሚስቱ ወዲያ ወዲህ ስትል ነው። በዚያ መስመር በኩል ትመጣለች፣ ክንዱ የተቆረጠውን ልጅ ራስ ትነካለች፣ «ዛሬ በግራ እጅህ ፈርም እስቲ፣ እኔ ልይልህ» ትለዋለች። ሌላው ጀሶው በላኝ ብሎ ሲያለቅስ ቆማ ታደምጠዋለች፤ ሰዓቷን አታይም፣ ወደ በር አታይም። ድምፅዋ ለስላሳ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት ባሏ አያውቅም ነበር። በእሱ አልጋ በኩል ስታልፍ ግን፣ ደንብ ነውና፣ «እንዴት ዋልክ?» ብላ ታልፋለች።

ሆድ ባሰው። በወታደርነት ዘመኑ እንዲህ ሆድ ብሶት አያውቅም።

ከጎኑ የተኙት ሽማግሌ መድፈኛ ነገሩን አይተው ሳቅ ሳቅ አላቸው። «አይዞህ ፍሬን፣ ሌላ እግርህንም ብትሰብር ኖሮ ቆማ ታወራህ ነበር» አሉት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ፍሬን ግን ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ማለትም መዞር የቻለለትን ያህል፣ አንገቱን ብቻ።

አንድ ጠዋት የርክክብ ሰዓት ሆነ። ሌሊቱን ያደረችው ወጣቷ ነርስ ናት፤ የምትረከበው ሲስተር ናት። ከአንደኛው አልጋ ጀምረው መጡ። ሁሉንም እንደ ደንቡ፤ ይኸኛው ትኩሳቱ ወርዷል፣ ያኛው ፋሻው ይቀየርለት፣ መድፈኛው እንደ ልማዳቸው ሲያንኮራፉ አድረዋል። ፍሬን አልጋ ሲደርሱ ባልየው ዐይኑን ጨፍኖ የተኛ መሰለ። ወጣቷ ነርስ ትንሽ አመነታች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ ቀጠለች።

«ሌሊቱን አልተኙም። ሕመም አይደለም፤ ማስታገሻ ስሰጣቸው አያስፈልገኝም ብለዋል። መብራት ሲጠፋ ያልባቸዋል፣ ሲጋደሙ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ጀርባቸውን በትራስ ከፍ አድርጌ ስደግፋቸውና የኮሪደሩን መብራት በሩን ከፍቼ ስተውላቸው ሊነጋጋ ሲል ትንሽ አሸለባቸው። አዲስ ነገር አይደለም አሉኝ። ድሮ ከፊታቸው ይሄድ የነበረው መኪና ፈንጂ ላይ ወጥቶ ሲቃጠል ካዩ ወዲህ እንዲህ ነው። ቤታቸውም ቢሆን አይተኙም።» እዚህ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለሲስተር እንዳትነግሪ ብለው ለምነውኝ ነበር። ግን በርክክብ ላይ ለማንም ተብሎ የሚቀር ነገር የለም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ሲስተር ቆማ ቀረች። ጨፍኖ የተኛውን ሰው አየችው። የዐይኑ ቆብ ይርገበገባል።

«ጥሩ ነው» አለች በመጨረሻ። «ቀጥዪ።»

የቀሩትን አልጋዎች ተረከበች። ማን ምን እንደሆነ ግን አንዱም አልገባትም፤ በኋላ ወጣቷን ነርስ ጠርታ እንደ አዲስ አስነገረቻት። ከዚያ አንሶላና ብርድ ልብስ የሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች። ቤት ያለው ሶፋ በዐይኗ መጣ። ባሏ ቤት በሆነ ቁጥር ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ፣ እንደ ተቀመጠ ያነጋል። «አንተ ሰውዬ ይህን ቴሌቪዥን ብታገባው ይሻልህ ነበር» ትለው ነበር። መብራት ትፈጃለህ ብላ ትቆጣው ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ ከእኔ ጋር መተኛት ጠልተሃል ብላ ስታለቅስ፣ እሱ «ኳስ ነበር እኮ» ብሎ ዋሽቷታል። የሰው ሁሉ እንቅልፍ ስትቆጣጠር የኖረች ነርስ፣ የትኛው ወታደር ስንት ጊዜ እንደተገላበጠ የምታውቅ ሴት፣ ባሏ ለዓመታት እንዳልተኛ ከሰው አፍ ሰማች። ተናደደች፤ በእሱ ነው የተናደደችው፣ ቀጥሎ በራሷ። ንዴቱ ሲወጣላት ኀፍረት ብቻ ቀረ፤ እሱ ደግሞ እንደ እሬት ይመራል።

በምሳ ሰዓት ነጭ ካፖርቷን አወለቀችና ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። ከጥበቃው ቤት ወንበር ተዋሰች። እንደ ማንኛውም ጠያቂ በዋናው በር ዞራ ገባችና ባሏ አልጋ አጠገብ ወንበሯን አድርጋ ተቀመጠች።  መድፈኛው ወግ አዋቂ ናቸውና ብርድ ልብሳቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አደረጉ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«መቼ?»

«መቼ ማለት ምን ማለት ነው? ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ኖረን?»

«እኮ መቼ? በር ላይ? አንቺ የቧንቧውን ነገር ስትነግሪኝ እኔ ‹እግረ መንገዴን፣ ጨለማ እፈራለሁ› ልበልሽ?»

ልትቆጣ ነበር፤ ሳቅ አመለጣት። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት። በመሐረብ አፏን ይዛ አለቀሰች። ባልየው እግሩ ተሰቅሏልና ተነስቶ ሊያባብላት አልቻለም። እጁን ዘርግቶ እጅጌዋን ያዘ። እጅጌዋ ላይ መጨማደድ ነበር፤ እሱ ሆስፒታል ከገባ ወዲህ ተኳሽ የለም።

«አትሂጂ ያልከኝ ለዚህ ነው?» አለችው ቆይታ።

«አይደለም።» ወደ ጣሪያው አየ። እንዲህ ያለ ወሬ አልለመደም፤ ቃሉን አንድ በአንድ ይፈልግ ነበር። «እኔ መንገድ ላይ ስሆን አንቺ የት እንዳለሽ አውቃለሁ። መንገዱ ሲከፋብኝ ‹አሁን ከሥራ ወጣች፣ አሁን ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሻሸች ነው፣ አሁን ልጅቷን ትቆጣለች› እላለሁ። ሐሳቤን እዚያ አስቀምጠዋለሁ። አንቺም እዚያ ከሄድሽ የት ላስቀምጠው?»

«እኔስ?» አለችው። «እኔ የት ሳስቀምጠው የኖርኩ ይመስልሃል?»



«አንቺማ ለምደሽዋል ብዬ ነበር» አለ።

«አይለመድም» አለችው።

ሌላ ብዙም አልተነጋገሩም። የምሳ ሰዓቱ አለቀ፤ ወንበሯን መለሰች፣ ካፖርቷን ለበሰች። ግን ወስና ነበር የተነሳችው። አትሄድም። እንቅልፍ የሌለውን ሰው ጥላ፣ እንግዳ ነርስ ያወቀችውን ሳታውቅ የኖረች ሚስት ሆና፣ ሌላ አገር ድንኳን ስትተክል አትገኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ኮሎኔሉ ከስብሰባ ሲመለሱ ልትነግራቸው አሰበች። ለባሏም ይህንኑ ነገረችው፤ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፣ ግን ደስ አላለውም። በሽተኞቹ ዘንድ ሲያየው የነበረው ፊቷ ያን ሥራ ከተወች በኋላ ምን እንደሚመስል አሰበና ከበደው።

አማቷ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጡ። ነገሩን ሁሉ ከምራታቸው ሰምተው ነው የመጡት። ብርቱካናቸውን አልጋው ላይ አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አትሂጂ ብለሃታል አሉ።»

«እማዬ፣ ይህ የእኛ ነገር ነው።»

«አንተ ስትቀጠር ማን ጠየቀኝ? ምሳ እየበላን ‹ነገ ወታደር ቤት እገባለሁ› አልከኝ እንጂ! ጠየቅከኝ? እሺ አልኩህ?»

«አልጠየቅኩሽም።»

«ታዲያ ቤቱን ዘግቼ ሄድኩብህ? ስትመለስ አጣኸኝ?» ብርቱካን ልጠው በእጁ አስያዙት። «ብላ። መጠበቅ ደግሞ አይገድልም። እኔን ገደለኝ እንዴ?»

ብርቱካኑን በላ። ከእናቱ ጋር ተከራክሮ ያሸነፈበት ጊዜ አልነበረም፤ አሁንም አላሸነፈም። ሆኖም ሁለት ቀን ነገሩን ሲያላምጥ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ሲስተር ከሐኪሞቹ ጋር ስትዞር፣ ሐኪሙም፣ ወጣቷ ነርስም፣ መድፈኛውም፣ ሁሉም ባሉበት ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራት።

«ሲስተር!»

«አቤት፣ ሃምሳ አለቃ።»

«ለኮሎኔሉ ነገርሻቸው?»

«ሰኞ እነግራቸዋለሁ።»

«አትንገሪያቸው።» በክርኑ ቀና አለ። «አልወደድኩትም። አሁንም አልወደድኩትም። ብቻ ሂጂ።»

ሐኪሙ ምን እንደተባለ አልገባውም፤ የጭኑን የራጅ ፎቶ ገልብጦ ያየው ነበር። ሲስተር ግን ከዚያን ቀን በፊት ባሏን እንደዚያ ወዳው አታውቅም። ከሐኪሙ ኋላ ቀርታ ወደ ጆሮው ዝቅ አለች። «በአንድ ነገር ብቻ ነው የምሄደው» አለችው። «ሲከፋህ ትነግረኛለህ። ለነርስ አይደለም፣ ለእኔ።»

«እሺ» አለ።

እሺ ማለት አያቅተውም፤ ትዳራቸውን ሙሉ እሺ ሲል ነው የኖረው። ስለዚህ ሲስተር አላመነችውም። ከሄደች በኋላ እንደ ድሮው ዝም ቢል፣ ሶፋው ላይ ለብቻው ተቀምጦ ቢያነጋ፣ አንድ ዓመት ሙሉ በስልክ ቧንቧና ኪኒን ብቻ ቢያወሩ፣ ስትመለስ ቤት ብታገኘውም አላገኘችውም ማለት ነው። ይህን ፍርሃቷን ይዛ ሄደች። የሄደች ቀን እሱ በክራንች ተደግፎ በሩ ውስጥ፣ እሷ በሩ ውጭ ነበሩ። ልጅቷ በመሐላቸው እየተሽሎከለከች እናቷ እዚያ ድንኳን ውስጥ አልጋ ላይ ትተኛለች ወይስ መሬት ላይ ስትል ትጠይቅ ነበር። «አልጋ ላይ» አለቻት። «የማን አልጋ?» «የራሴ።» «ብቻሽን?» «ብቻዬን።» ልጅቷ አዘነችላት፤ አሻንጉሊቷን ልትሰጣት ፈለገች፣ ቆይቶ ሐሳቧን ቀየረች።

የመስክ ሆስፒታሉ አቧራ ላይ የተተከሉ ድንኳኖች ነበሩ። አልጋዎቹን ራሷ አሰለፈች፣ ነርሶቹን ራሷ ቆማ አሠለጠነች። ውሃው በጋን ይመጣል፣ ነፋስ ሲነሳ ፋሻው ሁሉ አቧራ ይሆናል፣ ነርሶቹ ያጉረመርማሉ፣ እሷ ግን ሥራዋን ወደደችው። ባሏ ይደውላል። ስልኩ እንደ በር ነበር። «ልጅቷ ፈተናዋን አለፈች። እማዬ ደህና ናት። ክራንቹን ጣልኩት፣ ማሠልጠኛው ሥራ ጀመርኩ። ቧንቧው እንደገና ያንጠባጥባል።» «አንተስ?» ትለዋለች። «እኔ ደህና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ» ይላል። ይዘጋል። ስልኩን እንደያዘች ትቆያለች፤ ታዲያ ምን ለወጥን ትላለች። ጥፋቱ የእሷ መሰላት፤ መምጣቷም ጥፋት መሰላት። አንድ ሰሞን ለኮሎኔሉ ደውላ መልሱኝ ልትል ቃሉን በልቧ አዘጋጅታ ነበር።

እንዲህ እያለች ሳለ፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ሦስት ሰው አንድ ላይ ገብቶ እጇ ሞልቶ ሳለ፣ ስልኳ ጮኸ። በዚህ ሰዓት ደውሎ አያውቅም። ጓንቷን አውልቃ አነሳችው።

«ልጅቷ ምን ሆነች?»

«ምንም። ትምህርት ቤት ናት።»

«እናትህ?»

«ደህና ናት። ፀሐይ እየሞቀች ነው።»

«እግርህ?»

«እግሬም ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን ፈልገህ ነው በሥራ ሰዓት የምትደውለው?»

 በስልኩ ውስጥ አንድ ሞተር ሲነሳና ሲጠፋ ይሰማል፤ ማሠልጠኛው ግቢ ውስጥ ቆሟል ማለት ነው፣ ሠልጣኞቹም እየጠበቁት ነው። ትንፋሹን ሰማችው፤ ያጥረዋል። ሊዘጋው ነው ብላ አሰበች። አልዘጋውም።

«ፈርቼ» አለ።

ሲስተር አጠገቧ የቆመችውን ነርስ በእጇ ጠራቻት፣ የያዘችውን ጓንትና መቀስ ሰጠቻትና ወደ ውጭ ወጣች። ከድንኳኑ ጀርባ የመድኃኒት ካርቶን ተከምሯል፤ አንዱን አወረደችና ላዩ ላይ ተቀመጠች።

«አለሁ» አለችው። «ንገረኝ።»